በወንድሜ ምሰሶ ውስጥ የገቡት ጉንዳኖች

ታላቅ ወንድሜ ከይጁቤ ከተማ አጠገብ፣ ከአባታችን ቤት ጎን የራሱን ቤት ጀምሮ ነበር። ምሰሶውን ተክሎ፣ ግድግዳውን ማግሮ፣ ቆርቆሮ ሳይመታ ታመመ። ክረምቱን ሙሉ ክፍቱ ቤት ላይ ዝናብ ወረደበት። ወንድሜን ጥቅምት ላይ ቀበርነው።

ያኔ ደብረ ማርቆስ አሥረኛ ክፍል እማር ነበር። ቤቱን እኔ እጨርሰዋለሁ አልኩ። ለምን እንደሆነ… ሰው እንዲኖርበት አይደለም። ቆሞ እንዲታየኝ ብቻ።

ግንቦት ላይ ከምሰሶው ሥር የዱቄት ክምር አየን። አባቴ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ነካው።

«ምስጥ ነው። ወደ እኛ ቤት ሳይሻገር ሁሉንም ነቅለን እናቃጥላለን።»

«ምስጥ አይደለም፣ አባባ።»

«ደብረ ማርቆስ ድረስ የላክንህ ጉንዳን ልትማር ነው?»

ቅዳሜና እሁድ ቤት ስመጣ ማታ ማታ ከምሰሶው ሥር እየተቀመጥኩ አይቻቸው ነበር። እየተንተባተብኩ ነገርኩት። ምስጥ መንገዱን በጭቃ ይሸፍናል። ይህ ግን ደረቅ ሰጋቱራ ነው፤ የሞቱ ጉንዳኖች እግርና ክንፍ ተቀላቅሎበታል። ጉንዳኖቹ ትልልቅና ጥቁር ናቸው፤ ወገባቸው ክር ያህል ቀጭን ነው። የምስጥ ወገብ እንዲህ አይቀጥንም። ሲመሽ በሰልፍ ወጥተው ወደ አጥሩ ዛፍ ይሄዳሉ። እንጨቱን አይበሉትም፤ ለመኖሪያ ይፈለፍሉትና ፍቅፋቂውን ወደ ውጭ ይጥሉታል።

አባቴ ጆሮውን ምሰሶው ላይ አደረገ። እኔም አደረግሁ። ደረቅ ገለባ ሲረገጥ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ነበረው።

«ካልበሉት ምን ሊሠሩ ገቡ? ስንት እንጨት እያለ?»

መልሱን አውቀዋለሁ። ክምሩን በእግሬ በተንኩት። እሱ ግን ጠበቀኝ።

«ውሃ የጠጣ እንጨት ይለሰልሳል» አልኩ። «እሱን ነው የሚፈልጉት።»

አባቴ ምሰሶውን በመጥረቢያ ጀርባ ከታች ወደ ላይ መታው። እስከ ደረቴ ቁመት ድረስ እንደ ባዶ እንስራ ጮኸ። ከዚያ ዞሮ የግድግዳውን ቋሚዎች መታ። ብዙዎቹ ከሥራቸው እንደዚያው ነበሩ።

«ምስጥስ አይደለም፣ ልክ ነህ» አለኝ በቀስታ። «ቆርቆሮ ግን አይሸከምም፣ ልጄ።»

ስንነቅለው ምሰሶው መሐሉ ላይ ተሰበረ። ውስጡ ክፍል በክፍል ነበር፤ በመላጊያ የተላገ ይመስል ልስልስ ያለ። ጉንዳኖቹ ነጫጭ ልጆቻቸውን በአፋቸው ይዘው ተበተኑ። አባቴ እሳት አላነደደም። ደህና ደህናዎቹን እንጨቶች ለየና ከጓሯችን አጥር ጋር ተከልናቸው። ዛሬ የትኛው የወንድሜ እንደሆነ መለየት አልችልም።