ሽማግሌዎቹን ስሸኝ

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ ጥቂት ቆይቶ ነው በጋብቻ ቪዛ ለንደን የገባሁት። ባሌና እናቱ ኬንቲሽ ታውን፣ የካውንስል ቤት ውስጥ ይኖሩ ነበር፤ እኔ ሦስተኛ ሆንኩ። አማቴ በደርግ ጊዜ ከአገር የወጡ ሴት ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ያከብራቸዋል፤ ለሰውም ደግ ናቸው። እኔን ግን ይመቱኝ ነበር።

መጀመሪያ በጥፊ የመቱኝ ባሌ እንጀራውን ሳይቆርስ ቀድሜ በመቁረሴ ነው። «እናትሽ አላሳደገችሽም፤ እኔ ላሳድግሽ» አሉኝ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ያደግኩ ይመስለኝ ነበር። ከጥፊው በኋላ ማማሰያ መጣ፣ ጫማም መጣ። ግራ ክንዴ በልዞ ስለሚጠቁር በሙቀቱም ወራት ሹራብ ከላዬ አይወርድም። መጀመሪያ ሰሞን አለቅስ ነበር። በኋላ ልቅሶውም ተወኝ፤ ሲመቱኝ ስለሚታጠበው ልብስ አስብ ነበር።

ብቻዬን እንድወጣ አይፈቅዱም። አብራኝ ያደገች ጓደኛዬ ካምደን ነበረች፤ በባስ ቅርብ ነው፤ አንድም ቀን አልሄድኩም። ባሌ እጁን አንስቶብኝ አያውቅም። «ፖሊስ ኮል ብታደርጊ ቪዛሽን ካንስል ያደርጉታል፣ እማዬም ትሞታለች» አለኝ። ይልቅ ሽማግሌ ይግባ ሲል እሺ አልኩ። ባልና ሚስቱ ለብቻቸው ቤት ይከራዩ እንዲሉልኝ ነበር ተስፋዬ። ካላሉ እዚያው እንደምቀር አውቅ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሦስት ሽማግሌዎች መጡና ሶፋው ላይ ተደረደሩ፤ ባሌና አማቴም ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ። የሚጠይቁኝ ትልቁ ነበሩ።

«ባልሽ መትቶሽ ያውቃል?»

«አያውቅም፣ አባባ።»

«ይጠጣል? ውጭ ያመሻል?»

«የለም።»

«ተመስገን። እንግዲያው ትዳሩ ደህና ነው።»

ጥያቄያቸው ሁሉ ለባልና ሚስት የተበጀ ነው። ስለ አማት የሚጠይቁት አልነበራቸውም። ክንዴን ላሳያቸው የሹራቤን እጅጌ ስሰበስብ ሁሉም ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ ሴት ስትገላለጥ ማየት ነውር ነዋ። ተናደድኩ። ንዴቱም ወዲያው በረደልኝ።

«እናት ናቸው፤ እናት ትቀጣለች። በይ ጉልበት ሳሚ» አሉኝ ትልቁ።

ጎንበስ አልኩ። አማቴ ሊመርቁኝ እጃቸውን ወደ ራሴ ሰደዱ። ክንዴ ሳላዘው ተነስቶ ፊቴን ሸፈነ፤ አንገቴ ትከሻዬ ውስጥ ገባ። የአማቴ እጅ አየር ላይ ቀረ። ሁሉም አዩኝ። ባሌም አየ፤ ከዚያ ምንጣፉን ማየት ጀመረ። ትልቁ ሽማግሌ ተነስተው አቡነ ዘበሰማያት አስደገሙን፤ ታርቃችኋል ተባልን።

ሽማግሌ ሲሄድ ታናሽ ይሸኛል። ባሌ ከተቀመጠበት አልተነሳም። እኔ ተነሳሁ፤ አማቴም የሰው ፊት ሆኖባቸው አልከለከሉኝም። በቤት ጫማዬ እስከ ባስ ፌርማታው ሄድኩ። ሁለቱ ወደ ባቡሩ ታጠፉ። የትልቁ ሽማግሌ ባስ ሲመጣ ተከትያቸው ገባሁ፤ የባስ ካርዴ ሹራቤ ኪስ ውስጥ ነበር።

«ወዴት ነው ልጄ?»

«ልሸኝዎት ነው፣ አባባ።»

«እስከ የት?»

«እስከ ካምደን። ከዚያ ወደዚያ ቤት አልመለስም።»

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ጠጋ ብለው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ባሱ ሲንቀሳቀስ «እኔ ቤትም ምራት አለች» አሉ፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ። «ባለቤቴ ባጠገቧ ስታልፍ፣ ልክ እንዳንቺ ክንዷን ታነሳለች። እኔ ደንጋጣ ናት እል ነበር።»

አላዘንኩላቸውም፣ አልፈረድኩባቸውምም። ካምደን ስንደርስ ደወሉን ተጫንኩና ወረድኩ።