የዘበኛው ጆንያና የእኔ ኬብል

የእኔ አፍ ዘበኛችንን ከሥራ ሊያስወጣቸው ምንም አልቀረውም ነበር።

አርብ ገበያ ከተማ አጠገብ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር አስተምር ነበር። ከቢሮው እስከ ኮምፒውተር ክፍሉ ረጅሙን የኔትወርክ ኬብል የዘረጋሁት፣ ጫፍና ጫፉንም ከመሰኪያ ጋር ያሰርኩት እኔው ነኝ። በትንሿ የኬብል መፈተሻ ስሞክረው የስምንቱም ሽቦ መብራት በየተራ በራ፤ ኮራሁ። ሥራ ሲጀመር ግን መስመሩ ይንቀራፈፍ፣ ይቆራረጥ ጀመር። ኬብሉ በዘበኛው ክፍል ያልፋል፤ አዛውንቱ ደግሞ የገብስ ጆንያ ጭነውበታል። «የጨፈለቁት እሳቸው ናቸው» አልኩ፣ ሳላጣራ። ርዕሰ መምህሩ እኩያዬ ነው፣ ቁጡ ነው። «እስከ አርብ ዕቃቸውን ይዘው ይውጡ፤ ሌላ ዘበኛ እንቀጥራለን» ብሎ ቆረጠ።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ወዳጄ ከንፋስ መውጫ የኬብል ጥራት የሚለካ እውነተኛ መለኪያ በሚኒባስ ላከልኝ። በሁለቱም ጫፍ ሰክቼ ቁልፉን ተጫንኩ። ጆንያው ያለበት ቦታ ላይ ምንም የተለየ ነገር የለም! መለኪያው የጮኸው ስለ ክሮስቶክ ነው፤ ያውም ከመጀመሪያው ሜትር እስከ መጨረሻው። ኬብሉ ውስጥ ያሉት ስምንት ሽቦዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው የተገመዱ ናቸው። አንድን መልእክት አብረው የተገመዱት ሁለቱ ካልተሸከሙት ወደ ጎረቤት ሽቦ ያልፍና ይረብሻል፤ ክሮስቶክ ማለት ይኸው ነው። ጫፉን ቆርጬ አየሁት። ለዓይን እንዲያምር ብዬ አረንጓዴውን ከአረንጓዴው፣ ሰማያዊውን ከሰማያዊው አጠገብ ደርድሬዋለሁ። መሰኪያው ላይ ሦስተኛውና ስድስተኛው ቦታ የአንድ ጥንድ መሆን ሲገባቸው አንዱን አረንጓዴ፣ አንዱን ሰማያዊ ሰጥቻቸዋለሁ። በሁለቱም ጫፍ እኩል ስለተሳሳትኩ መብራቶቹ አላጋለጡኝም።

ሁለቱንም ጫፍ እንደገና አሰርኩና ለካሁ። ኬብሉ ፈተናውን አለፈ። ደስታዬን መቆጣጠር ቢያቅተኝ ብቻዬን እልል አልኩ።

ዘበኛው በበሩ ብቅ አሉ። ለመውጣት ዕቃቸውን እያሰሩ ስለነበር እጃቸው ላይ የጆንያ ማሰሪያ ገመድ አለ።

«ምን ተገኘ፣ ልጄ?»

«ጥፋቱ ተገኘ፣ አባባ!»

«ታዲያ የኔ ጆንያ ምን አድርጎ ኖሯል?»

እሳቸውን ጨርሶ ረስቻቸው ነበር።

«ምንም አላደረገም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያ ለርዕሰ መምህሩ ንገሪው» አሉኝ። «እኔ እስክትመለሽ ያሰርኩትን አልፈታም።»

መለኪያውን እንደያዝኩ ወደ ቢሮው ሮጥኩ። ስመለስ ክፍላቸው ውስጥ የታሰረው ጆንያ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ይፍቱት፣ አባባ» አልኳቸው።