ምድጃው የሚጠረግበት ቀን

ባለቤቴ ኬክ ላይ የምትጽፍ ሴት ነበረች። ጋጋሪ አልነበረችም፤ ሰው ጋጋሪ ሲላት ፊቷ ይጠቁር ነበር። ኬኩ ተጋግሮና ተቀብቶ ሲቀርብላት፣ እንደ ቀንድ ከተጠቀለለ ወረቀት ውስጥ ክሬሙን እየጨመቀች "እንኳን ተወለድክ"፣ "መልካም ጋብቻ"፣ "ለውድ አለቃችን" ብላ ትጽፋለች። ስትጽፍ ትንፋሿን ትይዛለች። ጸጉሯ ጥቁር ሆኖ የገባችበት ኬክ ቤት ውስጥ ሸበተች፤ ያን ሁሉ ዘመን የማታውቀውን ሰው እንኳን ደስ አለህ ስትል ኖረች።

እኔ ደግሞ ፖስታ ቤት ማኅተም መቺ ነበርኩ። ጠዋት ስገባ መጀመሪያ የማኅተሙን ቀን አዞራለሁ፤ ከዚያ ማታ እስክወጣ እመታለሁ። ስለዚህ በቤታችን ስለ ቀን ሁለት እምነት ነበር።

"ቀን ማለት ማኅተም ነው፤ አንዴ ከተመታ አይፋቅም" እላታለሁ።

"ቀን ማለት ኬክ ነው፤ ካልቆረሱት ለማንም አይደርስም" ትለኛለች።

እንደሚታወቀው በቤት ክርክር የሚረታው ቢላዋውን የያዘው ነው።

የእሷ ሥራ ሌላው ሰው ሲያርፍ የሚብስ ሥራ ነው። እሑድ ሆነ በዓል፣ ኬክ ቤቱን ሰው ይወረዋል። በእርግጠኝነት የምታርፈው በዓመት አንድ ቀን፣ የትልቁ ምድጃ ጭስ መውጫ ሲጠረግ ነበር። ጠራጊው ለብዙ ቤቶች ተራ ይዞ የሚዞር ሰው ስለሆነ ቀኑን አይለውጥም፤ የኬክ ቤቱ ባለቤትም ያን ቀን በሩን ትዘጋለች። ትንሿ ልጃችን ከተወለደች በኋላ ባለቤቴ ዐዋጅ አወጣች፦ የቤታችን ጉዳይ ሁሉ በምድጃው ቀን ይሁን። የሦስቱ ልጆች ልደት፣ ጋብቻችን፣ እዚህ ቤት የገባንበት ቀን፣ ሁሉም እንደ ብርድ ልብስ ታጥፎ አንድ ቁም ሣጥን ውስጥ ገባ። የእናቷ ልደትም ተጨመረ። እማማ መቼ እንደተወለዱ አያውቁም፤ "የሚያውቁት ሁሉ ሞተዋል፣ የሚከራከረኝ የለም" ብለው ቀኑን በደስታ ተቀበሉ።

ትልቁ ልጃችን፣ በነገር ስለማይረታ "ጠበቃው" የምንለው፣ የዚያን ቀን ጋዜጣ ይዞ ይመጣና "ዛሬ በታሪክ" የሚለውን ዓምድ ቆሞ ያነብልናል። አንድ ንጉሥ ዘውድ ጭነዋል። አንድ መርከብ ሰጥሟል። አንድ ሊቅ ተወልዷል። ከታች ደግሞ ቀኑ በዓለም ዙሪያ የሆነ ነገር ቀን ተብሎ ይከበራል፤ የዛፍ ይሁን የጆሮ፣ ረስቼዋለሁ።

"አያችሁ" ትላለች እናታቸው፣ "ንጉሡና መርከቡ ተስማምተው በአንድ ቀን ሲያድሩ፣ እናንተ ሦስት ወንድምና እህት መስማማት ያቅታችኋል?"

ያልተስማማችው ሚጢ ነበረች፣ የመጨረሻዋ። ገና ሁለተኛ ክፍል ሳለች ቦርሳዋን ወርውራ አለቀሰች።

"የክፍሌ ልጆች ሁሉ የተወለዱት በተወለዱበት ቀን ነው!"

"የእነሱ እናት ኬክ ቤት አትሠራማ።"

"እሺ፣ በምድጃው ቀን ከእኛ ማን ነው የእውነት የተወለደው?"

"ማንም። በዚያ ቀን በቤታችን ምንም ሆኖ አያውቅም፤ ለዚህ ነው የወደድኩት። የአንዳችሁ ቢሆን ሌሎቻችሁ እንግዳ ትሆኑ ነበር።"

"የእኔስ ቀን?"

"የትም አይሄድም። ንጹሕ እንደሆነ ተቀምጦልሻል።"

ሚጢ ግን አልረሳችም። በየዓመቱ እውነተኛ ቀኗ ሲደርስ ጠዋት በር ላይ ቆማ "ዛሬ ቤት የሚውል አለ?" ትላለች። ሁላችንም ሥራ አለን፤ ሁላችንም እንወጣለን።

ኬክ ጸሐፊ እናት ያለው ቤት ኬኩ እንዴት ያለ ይሆን የሚል ሰው አለ። ኬካችን ያዘዘው ሰው ያልወሰደው ኬክ ነበር። በማግሥቱ ቤቱ ስለሚዘጋ፣ ከዋዜማው ትእዛዝ የተረፈውን ባለቤትየዋ ለሠራተኛው ታድላለች። ስለዚህ አንድ ዓመት ልደታችንን "መልካም ጡረታ ኮሎኔል" በሚል ኬክ አከበርን። በሌላው ዓመት "ይቅርታ አድርጊልኝ" የሚል ደረሰን፤ ይህን ማንም ለምን እንዳልወሰደው ስንከራከር አመሸን። ልጆቹ "ጡረታ"ውን ለማን እንደሚቆርሱ ይጣላሉ። "ጽሑፉን ተዉት፣ ጣዕሙ ያው ነው" ትል ነበር የጻፈችው ራሷ።

ከዚያ ኩላሊቷ ታመመ። ሆስፒታል ገብታ ስትሰነብት የምድጃው ቀን እየቀረበ መጣ። ሐኪሙ እኔን ኮሪደር ላይ ጠርቶ የነገረኝን እሷ ከፊቴ ላይ አንብባ ጨረሰችው። አንድ ነገር ብቻ ነበር ያስጨነቃት።

"በምድጃው ቀን መሞት የለብኝም" አለችኝ። "ልጆቹ ዕድሜ ልካቸውን ኬክ ባዩ ቁጥር ሊያለቅሱ ነው? ከቀኑ በፊት ወይም ከቀኑ በኋላ።"

ሐኪሙ ሲመጣም ለመነችው። "ዶክተር፣ ቀጠሮዬን አንድ ቀን ገፋ ቢያደርጉልኝ።" እሱ ትኩሳቷን ለካ።

ቀኑ ሲደርስ ሁላችንም አልጋዋን ከበብን፤ እማማም በተሽከርካሪ ወንበር ተገፍተው መጡ። የኬክ ቤቱ ዋና ጋጋሪ ከዋዜማ የተረፈውን ኬክ በካርቶን ይዞ ደረሰ። ስንከፍተው "እንኳን በሰላም ተገላገልሽ" ይላል። ምስኪን ሰውዬ ላቡ ወረደ።

"እሰይ! ወንድ ነው ሴት?" አሉ ከጎን አልጋ ያሉት አሮጊት።

"ሦስት ናቸው" አለች ባለቤቴ። "ትልቁ ጢም አውጥቷል።"

ከዚያ ኬኩን ወደ ራሷ አስጠግታ ፊደሎቹን መረመረች። "ይህን ማን ጻፈው? 'ገ'ዋን ተመልከቱልኝ፣ ሰክራ የወደቀች ነው የምትመስለው።" ጋጋሪው አዲስ የገባ ልጅ ነው ብሎ ተቅለሰለሰ። ጠበቃው እንደ ልማዱ ቆሞ ንጉሡንና መርከቡን አነበበ። አንድ ቁራሽ ቀመሰች። መምሸት ሲጀምር አባረረችን።

"በሉ ሂዱ። ዛሬን ልለፈው እንጂ ሌላው የእኔ ጉዳይ ነው።"

ቤት ገብተን ጫማ ሳናወልቅ ስልኩ ጮኸ።

ዕድሜ ልኬን የሐሰት ቀን መትቼ አላውቅም። የዚያን ምሽት ግን ሆስፒታል ተመልሼ ነርሷን ለብቻዋ ጠርቼ፣ "ልጄ፣ የሞተችበትን ቀን የነገ ብለሽ ጻፊልኝ" አልኳት።

እጄን ያዘችኝ። "አባባ፣ ቀን እኮ አይቀየርም" አለችኝ።

እንግዲህ በምድጃው ቀን በቤታችን የእውነት የሆነው ነገር ይህ አንዱ ብቻ ነው።

ዓመቱ ሊዞር ሲል በሳሎን ተሰብስበን ጭቅጭቅ ተነሣ።

"ቀኑ ቀርቷል" አለ ጠበቃው። "እናቴ በሞተችበት ቀን ኬክ አልቆርስም።"

"እንዳይቀር ብላ አይደል ሞትን ቀን ግፋልኝ ስትል የነበረው?" አለችው መካከለኛዋ ልጃችን፣ ከመናገር ዝምታ የሚቀናት። "ብናስቀረው እሷ የፈራችው ደረሰ ማለት ነው።"

እማማ መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ ደቅ አደረጉ። "እናንተስ ሌላ ቀን አላችሁ። እኔ ያቺው ናት ያለችኝ። ልጄም ሄደች፣ ልደቴንም ልትወስዱብኝ ነው?"

ያኔ ሚጢ፣ አሁን በቁመት የምትበልጠኝ ሚጢ፣ ከወንበሩ ጠርዝ ብድግ አለች።

"ሞቷን እናዛውረው።"

"ምን?"

"እማዬ ሁሉንም ስታዛውር ኖራ የለ? ልደት ከተዛወረ ሞት ለምን አይዛወርም? የምድጃው ቀን እንደነበረ ይሁን። እሷን የምናስብበት ቀን ወደ እኔ ልደት ይሂድ፣ ወደ እውነተኛው። ማንም ነክቶት አያውቅም፤ ከነማሸጊያው አለ።"

"የአንቺ ቀን ነው እኮ" አለ ጠበቃው። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ሲሰበር ሰማሁት።

"ምን ሠራሁበት?"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ በዚህ ቤት የቀን ሹም እኔ ነኝና። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ማኅተም ከተመታ በኋላ ስለማይፋቅ ልናገር አስቤ ነበር።

"ይዛወር" አልኩ።

የምድጃውን ቀን እንደ ደንቡ አከበርነው። ጋጋሪው ያመጣልን ኬክ አንድ መድን ድርጅት ቅርንጫፍ በመክፈቱ እንኳን ደስ አላችሁ ይላል፤ 'ገ' የለበትም፣ ተመስገን። እማማ ሁለት ቁራሽ በሉ።

የሚጢ ቀን ደግሞ በሥራ ቀን ዋለ። ጠበቃው ፈቃድ ጠይቆ መጣ። መካከለኛዋ ተራዋን ለባልደረባዋ ሰጥታ መጣች። እኔ አንድ ሰው ማኅተሙን እንዲያዞርልኝ አደራ ብዬ ቀረሁ፤ ይህን ከሠርጌና ከእናታቸው ቀብር በቀር አድርጌው አላውቅም። ፎቶግራፏን ጠረጴዛው ላይ አቆምንና ስለ እሷ አወራን፣ ጥቂት አለቀስን፣ ስለ ኮሎኔሉ ኬክም ሳቅን።

ቀና ስል ሚጢ ጠረጴዛውን ከዳር እስከ ዳር እየተመለከተች ፈገግ ብላለች።

"ምን ያስቅሻል?" አልኳት።

"ምንም። ሁላችሁም ቤት ናችሁ።" ከዚያ ደግሞ፣ "ኬክስ የለም?" አለች።

"ለመታሰቢያ ኬክ አይቆረስም" አላት ወንድሟ።

"ስለ መታሰቢያ ማን ጠየቀ?"

ቀድመው የገባቸው እማማ ናቸው፤ መሐረባቸውን አፋቸው ላይ አድርገው በሳቅ ተንፈቀፈቁ። "የእናቷ ልጅ!" አሉ። "በሕይወት ሳለች አልሰጥ ያለቻትን ቀን ሞታ አስረከበቻት!"

ሚጢ አልካደችም።

ተነሥቼ ጫማዬን ፈለግሁ። ያልተጻፈበት ኬክ አስመዝኜ፣ የሚጢን ስም አስጽፌ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍዬ ልገዛ ነው። ኬክ ቤቱ እስኪመሽ ክፍት ነው፤ በሚጢ ቀን ምድጃው አይጠረግም።