ለኪው ጠመንጃ ሲመርጥ

የእህቴን ባል ቢሮው ሁሉ «ለኪው» ይለዋል። ሥራው ወንዝ መለካት ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ዱር ውስጥ የተተከሉትን ስድስት የውሃ ምልክቶች በእግሩ እየዞረ፣ ውሃው የቱ ጋ እንደደረሰ አንብቦ፣ ጽፎ ይመለሳል። ስሙ ግን ከሥራው ብቻ የመጣ አይደለም፤ ሰውየው የማይለካው ነገር የለም። እህቴን ያገባ ሰሞን የቤታችንን በር በዐይኑ ለክቶ «የእሷ ቁም ሣጥን በዚህ አይወጣም» አለ። አልወጣም። በሩን ነቅለን አወጣነው።

እኔ የዚያው ቢሮ ዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ነኝ። ድንኳን፣ ገመድ፣ ቦት ጫማ፣ የእጅ ባትሪ፣ ሁሉም ከእኔ እጅ ወጥቶ ወደ እኔ እጅ ይመለሳል። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ስኖር አንድ ካልሲ አልጠፋብኝም። ጠባዬ ግን ለዚያ ያህል አይመሰገንም፤ ቶሎ ይነደኛል፣ አፌም አያርፍም።

አምና አንዱን ባልደረባ ሦስተኛው ምልክት አጠገብ ነብር ክንዱን ቦጨቀው። ነፍሱ ተረፈች፤ ሻይ የሚጠጣው ግን ዛሬም በግራ እጁ ነው። ከዚያ ወዲህ አለቃችን ወደ ዱር የሚወጣ ሁሉ ለክፉ ቀን የሚሆን አንድ ጠመንጃ እንዲይዝ አዘዘ። ምርጫው የተሸካሚው ነው ተባለ። ይህችን ቃል ያስገባት ሰው ለኪውን አያውቀውም ማለት ነው።

ግምጃ ቤቱ ውስጥ ሦስት ዓይነት ነበረኝ። ትልቁ ረጅምና ከባድ ነው፣ ጎሽ ይጥላል። ትንሿ ለሁለት ተፈታ ሻንጣ ውስጥ ትገባለች፤ ጥይቷም እርሳስ የምታህል ቀጭን ናት። መካከለኛው ሰደፉ የተፋፋቀ፣ በእጅ የሚቀባበል አሮጌ ነው። ሌላው ሰው አንዱን አንሥቶ ይሄዳል። የእህቴ ባል ሁለት ሳምንት ፈጀ።

መጀመሪያ ትልቁን ወደደ። ሚዛን ላይ አስቀምጦ ጻፈ፦ አምስት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም። ከዚያ ሃያ ኪሎ ጆንያ አዝሎ፣ ጠመንጃውን አንግቶ፣ የቢሮውን ግቢ ይዞር ጀመር። ጸሐፊዎቹ መስኮት ላይ ተደርድረው ይቆጥሩለታል። በሠላሳኛው ዙር ከትከሻው አውርዶ ጆንያው ላይ አሰረው። ያን ጊዜ እኔ ዘንድ መጥቶ፣ ሰው ሲደክመው ድንኳን ውስጥ ጥሎት የሚሄደው ጠመንጃ ከሌለ አይለይም ብሎ መለሰልኝ።

ቀጥሎ ወደ ትንሿ ዞረ። ዐይኑን በጨርቅ አስሮ እየዳበሰ መግጠም ተለማመደ። ደግሞ እጁን ባልዲ ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ ጣቱ እስኪደነዝዝ ቆይቶ ሞከረ። ብወድቅስ፣ ጭቃ ቢገባባትስ፣ መነጽሬ ቢሰበርስ፣ ጥያቄው ማለቂያ የለውም። እህቴ ልጆች ባሉበት ቤት ጠመንጃ አይገባም ስላለች ይህ ሁሉ የሚሆነው እኔው ግምጃ ቤት ውስጥ ነው። ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል ሲባል እሰማ ነበር፤ እጁን ባልዲ ውስጥ ነክሮ ግንባሩን ሲያልበው ግን በዐይኔ አየሁ። አየሁና ዝም አላልኩም። ነብሩ ተራ ይዞ የሚጠብቅህ መሰለህ ወይ እያልኩ በሰው ፊት አሾፍኩበት፤ ጸሐፊዎቹም ሳቅ ተማሩ። እሱ አይመልስም። ይጽፋል።

ማክሰኞ ዕለት ትንሿን መረጥኩ አለ። ተመስገን ብዬ ጥይቷን አዘጋጀሁ። በእኛ ቤት ደንብ ጥይት እንዲሁ አይሰጥም። ሃያ ፍሬ ተቆጥሮ ሸራ ከረጢት ውስጥ ይገባል፣ አፉ በነጭ ክር ይሰፋል፣ ክሩ ላይ የእርሳስ ማኅተም ይመታበታል። የሚከፈተው ዱር ከተገባ በኋላ ነው። አንድ ነገር ተሳስቶ ከተገኘ ደግሞ ለኪው ሪፖርት ይጽፋል፣ ግምጃ ቤት ጠባቂው ይሰናበታል። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው የተሸኘው በሁለት ፍሬ ጥይት ነው።

ረቡዕ ጠዋት መኪናው ሞተሩን አስነሥቶ፣ አብሮት የሚሄደው፣ ጓዙን የምትጭነው በቅሎ ባለቤትም ተሳፍሮ ሲጠብቅ፣ ለኪው ወደ እኔ ተመልሶ መጣ። ሌሊቱን አልተኛም፤ ዐይኑ ደም መስሏል።

«ትንሿ ለቆቅ ትሆናለች» አለኝ። «ነብርን ግን ታስቆጣዋለች እንጂ አታቆመውም። መካከለኛውን ስጠኝ።»

ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። እኔም ነደደኝ። ትንሿን ከእጁ መንትፌ መካከለኛውን አሸከምኩት፣ መዝገቡ ላይ ቁጥሩን ሰርዤ አዲሱን ጻፍኩ፣ ሂድ ከዐይኔ ጥፋ አልኩት። የተሰፋው ከረጢት ጀርባው ላይ ነበረ። እሱ ከእንቅልፍ እጦት፣ እኔ ከንዴት፣ ሁለታችንም አላሰብነውም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እያልኩ ለሰው የምተርተው ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ዓርብ ጠዋት መደርደሪያ ስወለውል የመካከለኛውን ጥይት ሳጥን አየሁት። የወረቀት እሽጉ አልተቀደደም። ጨርቁን እንደያዝኩ እጄ እዚያው ቀረ። የትንሿ ጥይት መካከለኛው ውስጥ ቢገባ እንደ አባት ቀለበት በሕፃን ጣት ላይ ይዋኛል እንጂ አይተኮስም። የእህቴ ባል ነብር ወዳለበት ጫካ ከባድ ዱላ ተሸክሞ ገብቷል። ያሸከምኩት እኔ ነኝ።

ለአለቃችን መናገር ነበረብኝ። ቢሰማ ሰው ሰብስቦ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይልክ ነበር። ደረጃውን ወጣሁ፣ በሩ ጋ ደረስኩ፣ ላንኳኳ እጄን አነሣሁ፣ ወረድኩ። ጡረታዬ ሦስት ዓመት ቀርቶት ነበር። ይህን የምለው ሰበብ እንዲሆነኝ አይደለም፤ ፈርቼ ነው።

ሾፌሩን የተረሳ ገመድ አለ ብዬ ዋሸሁትና ትክክለኛውን ጥይት ኮቴ ውስጥ ደብቄ ተነሣሁ። መንገዱ ካለቀበት እስከ መጀመሪያው ምልክት የሦስት ሰዓት የእግር ጉዞ ነው። በየቁጥቋጦው ሥር ነብር ተኝቶ ታየኝ። ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ድንጋይ አንሥቼ እቆማለሁ። በእያንዳንዱ እርምጃ ያሾፍኩበት ቃል ትዝ ይለኛል። ብወድቅስ፣ ቢረጥብስ ብሎ የጠየቀው ሁሉ እዚያ ቦታ ላይ ሲሰሙት የሚያስቅ ጥያቄ አልነበረም።

ምልክቱ ከወንዙ ወዲህ የተተከለ የብረት ዘንግ ነው። አጠገቡ ባለው ድንጋይ ላይ በጠመኔ፣ በዚያ ቀጥ ባለ ጽሕፈቱ፣ «ረቡዕ፣ 1.42፣ ደህና ነን» ብሎ ጽፏል። አሁን ውሃው 2.60 ሜትር ላይ ደርሶ ነበር፤ ከላይ ዘንቧል። እነሱ በእግር የተሻገሩበት መልካ ላይ ግንድ ይንከባለላል። እጄን አፌ ላይ አድርጌ ተጣራሁ። ድምፄን ውሃው በላው።

ከእሳታቸው አመድ አጠገብ የተቆረጠ ነጭ ክር አገኘሁ። ክሩ የእኔ ነው። ከረጢቱን እዚህ ከፍቶታል፣ እዚህ አይቶታል ማለት ነው፤ ወንዙ ሳይሞላ፣ መንገዱም ሦስት ሰዓት ብቻ ሲርቅ። ታዲያ ለምን አልተመለሰም? ክሩን ኪሴ ከትቼ እስኪመሽ ድረስ ያን ስጠይቅ ወረድኩ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሰባት ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው እኔ ነኝ የማውቀው። በየጠዋቱ የአለቃችንን ደረጃ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። ጸሐፊዋ ጉልበትህን ለማጠንከር ነው ወይ አለችኝ። ማታ ማታ ወደ እህቴ ቤት ጎራ እላለሁ፤ ወሬ ትጠይቀኛለች፣ ደህና ነው እላታለሁ። አንድ ቀን የልጆቹን ልብስ እያጠፈች እንዲህ አለችኝ፦

«ወንድም ጋሼ፣ እኔ እንኳ እንቅልፍ የሚወስደኝ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስትመርጡ የከረማችሁት ጠመንጃ አብሮት ስላለ ነው።»

ሻይ አቅርባልኝ ነበር፤ ሳልጠጣው ተነሣሁ።

በአሥረኛው ቀን፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ለኪው እስከ ወገቡ ጭቃ ለብሶ ግምጃ ቤቱ በር ላይ ቆመ። ዘልዬ ላቅፈው ስል ከኋላው አለቃችንና ሁለት ጸሐፊዎች ገቡ። ጠመንጃውን ጠረጴዛዬ ላይ አጋደመ፣ ከረጢቱን ከጎኑ አስቀመጠ። ከረጢቱ ተሰፍቷል። የተሰፋው ግን በአረንጓዴ ክር ነው፤ የእኔን የእርሳስ ማኅተም በጥርሱ ነክሶ ክሩ ላይ አጣብቆታል።

«ሃያ ፍሬ ነው፣ ሳይከፈት ተመልሷል። መዝግብልኝ» አለ።

አለቃችን ከረጢቱን አየና ጠመንጃው ጥይት ሳይጎርስ ተመለሰ ወይ ብሎ ጠየቀ። ለኪው ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ እጄ ላይ ቢፈነዳብኝስ ብዬ ፈራሁ አለ። አለቃችን በሳቅ ፈነዳ። ጸሐፊዎቹም ሳቁ፤ እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው። እየሳቁ ደረጃውን ወጡ፣ በሩን ዘጋሁት።

«ለምን አልተመለስክም?» አልኩት።

«ብመለስ ሪፖርት መጻፍ ነበረብኝ። ስጽፍ ደግሞ ስምህን ነበር የምጽፈው።»

«ብትሞትስ? ልጆችህስ?»

ጭቃውን ከመነጽሩ ላይ ጠረገ። አራተኛው ምልክት ላይ ነብር መምጣቱን፣ በቅሎዋ ገመድ መበጠሷን፣ እሱ መጥበሻ በማንኪያ እየቀጠቀጠ እስኪነጋ መጮኹን ነገረኝ። የበቅሎው ባለቤት ተኩስ እንጂ እያለ ሲለምነው፣ ጥይት ለባሰ ቀን ይቀመጥ ብሎ መልሶለታል። አነጋገሩ ውሃው የቱ ጋ እንደደረሰ እንደሚያነብብ ሰው ነበር። መጨረሻ ላይ ግን መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ፈራሁ፣ ጋሼ። ዘጠኝ ሌሊት ባዶውን አቅፌ ነው ያደርኩት። ያ ሰውዬ ግን መሣሪያ አለን ብሎ ደህና እንቅልፍ ተኛ።»

ፈሪ ያልኩት ሰው ዘጠኝ ቀን ያደረገውን እኔ አንዲት በር ማንኳኳት አቅቶኝ ነው የከረምኩት።

ማታ አብረን ወደ ቤቱ ሄድን። ልጆቹ ጉልበቱ ላይ ወጡ፤ እህቴ የጉዞ ቦርሳውን እየፈታች ለቁልፍ መስፊያ ብላ የከተተችለትን መርፌና ክር አወጣች። አረንጓዴው ክር ተጠቅልሎበት የነበረው ካርቶን ባዶውን ቀርቷል። ምን ሰፍተህበት ነው ብላ ጠየቀችው። እሱ ወደ እኔ እንኳ ሳያይ፣ ሱሪዬ ቁልቁለት ላይ ተቀዶ ነው አላት። እሷም ሱሪውን አንሥታ ስፌቱን በጣቷ ትፈልግ ጀመር።

ኪሴ ውስጥ ያለችውን ነጭ ክር አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት።

«ሱሪው አልተቀደደም፣ እህቴ» አልኳት። «ተቀመጪ፣ እኔ ልንገርሽ። ነገ ጠዋት ደግሞ ለአለቃችን እነግራለሁ።»