የአያ ስንሻው አንድ ዓይን

ይህን ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ጾም በገባ ቁጥር ቁጣዬን፣ ስንፍናዬን፣ ሌላውንም ሁሉ እዘረዝርና እዚህ ላይ ስደርስ ዘልዬ አልፋለሁ። ዛሬ የምናገረው ብሩሽ ለምትይዙ ለእናንተ ነው። እኔ የሠራሁትን ክፋት የሠዓሊ እጅ እንጂ ሌላ አይሠራውም፤ ምን ያህል እንደሚጥምም ከሠዓሊ በቀር የሚያውቅ የለም።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሥዕል መምህር ነኝ። ከኮሌጅ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ በደብረ ኤልያስ በኩል ያለች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን እንደ አዲስ ተሠርታ ለመቅደሷ ግድግዳ ሠዓሊ ይፈለግ ነበር። ኮሚቴው መጀመሪያ ችሎታህን አሳየን ስላለኝ ቅዱስ ገብርኤልን በትንሽ ሸራ ላይ ሥዬ አቀረብኩ።

ቸኩዬ ነበር። አሠራሩን ታውቁታላችሁ፤ ሸራው መጀመሪያ ሙጫ ይቀባል፣ ሙጫው ሲደርቅ ነጩ ቅብ ይደረብበታል፣ ቀለም የሚነካው ያም ከደረቀ በኋላ ነው። እኔ በሰኔ እርጥበት፣ ሙጫው ሳይደርቅ ነጩን፣ ነጩ ሳይደርቅ ቀለሙን ጫንኩበት። የመልአኩ ጉንጭ በአንድ ሌሊት አብጦ ነጠብጣብ አወጣ። ጥፋቱ የማንም አልነበረም፤ የእኔ ነበር።

ከኮሚቴው አባላት አንዱ አያ ስንሻው ናቸው። እህል ነጋዴ ናቸው፤ ረጅም፣ አፍንጫቸው መሐሉ ላይ ጎበጥ ያለ፣ ጆሯቸው ሰፊ፣ ምላሳቸው አይጣል። ሸራውን አንስተው ወደ ብርሃን አዞሩትና፣

«ይህማ ገብርኤል አይደለም» አሉ። «ኩፍኝ የያዘው ጎረምሳ ነው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ቄሰ ገበዙ እንኳ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ።

«ይድናል እኮ፣ አያ!» አለ አንዱ ከኋላ።

«እንግዲያው ሲድን ያምጣልን።»

ሌላ ሠዓሊ ስላልመጣ ሥራው ለእኔ ተሰጠኝ። ሳቁ ግን ከጆሮዬ አልወጣም። ለአንድ ቀልድ? አዎ፣ ለአንድ ቀልድ። ጎበዝ መሆኔን አውቅ ነበር፤ ጎበዝ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ሲሳቅበት ይቅር ማለት አይሆንለትም።

የአባቶቻችን ሥዕል አንድ ሕግ አለው። ጻድቅ ፊቱን ወደ እኛ ይመልሳል፤ ሁለት ዓይኑ ይታያል። ክፉ ሰው ግን በጎኑ ይሣላል፤ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ እንኳ ግድግዳውን አይቶ ማን ከማን ወገን እንደሆነ የሚለየው በዚህ ነው። ወንዶች በሚቆሙበት በኩል የጌታን መከራ እንድሥል ተነገረኝ። በዚያ ውስጥ ጌታን በጥፊ የሚመታ ሰው አለ።

አያ ስንሻውን ሣልኳቸው።

በስህተት አይደለም። እጄ አምልጦኝም አይደለም። በገበያ ቀን እህል ሲሰፍሩ ከጎናቸው ራቅ ብዬ ተቀምጬ አፍንጫቸውን፣ ጆሯቸውን፣ የአገጫቸውን መስመር በእርሳስ አነሣሁ። ከዚያ መሰላል ላይ ወጥቼ መላውን ፊት በጠቆረ ቡናማ ሞላሁት፤ በላዩ ቀይ አፈር የሚመስለውን፣ ቀጥሎ ቢጫውን፣ በስሱ፣ አንዱ ሲደርቅ አንዱን እየደረብኩ ወደ ብርሃን አወጣሁት። አሁን አልቸኮልኩም። ለገብርኤል ያልሰጠሁትን ትዕግሥት ለበቀሌ ሰጠሁት። የዓይኑን ጥግ በጣም በቀጭኗ ብሩሽ ዘጋሁና ከመሰላሉ ወርጄ አየሁት። ፊቱ ይተነፍስ ነበር። ልዋሽ? ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲህ ያለ ፊት ሥዬ አላውቅም። ዛሬም ሳስበው ደረቴ ይነፋል።

ቤተ ክርስቲያኗ የተመረቀች ዕለት ሹክሹክታው ከቅዳሴው ጋር አብሮ ሄደ።

«አያ ስንሻው አይደሉም እንዴ?»

«ዝም በል፣ ቅዳሴ ነው!»

«ጆሮውን ተመልከት እስቲ፣ ጆሮውን!»

አያ ስንሻው ከራሳቸው ፊት ትይዩ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር። እስከ መጨረሻው አልተነቃነቁም።

ከምረቃው በኋላ ቄሰ ገበዙ ለብቻዬ ወሰዱኝ። «ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ። ሰውየውን ነው የሣልከው?»

«ኧረ አባ! ከድሮ ሥዕል የቀዳሁት ነው። አያ ስንሻውን መምሰሉንም ከእርስዎ መስማቴ ነው።»

በሥዕሉ የጀመርኩትን በዚህ ቃል ጨረስኩት። ቄሰ ገበዙ አመኑኝ፤ የነገርኳቸውንም ለሕዝቡ በቅንነት አስተላለፉ። እኔ ያላሰብኩት ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ሕዝቡ ነገሩን አገላብጦ፣ «ሠዓሊው ካላወቀ እጁን የመራው እግዜር ነው» አለ። የተሰወረ ኃጢአት ቢኖርባቸው ነው ተባለ። እህል አጉድለው ይሰፍራሉ ተብለው ተጠረጠሩ፤ ደንበኞቻቸው ወደ ሌላ ነጋዴ ዞሩ። የኔ ቂም የሰማይ ፍርድ ሆኖ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ እኔም ዝም አልኩ። አያ ስንሻው አጥቢያቸውን ትተው ወንዝ ተሻግረው ማስቀደስ ጀመሩ።

እኔስ? እኔ ተማሪዎቼን ይዤ እሄድ ነበር። ከባሕር ዳር የመጡ ሠዓሊዎች ፊቱ ሥር ቆመው ራሳቸውን ሲነቀንቁ ከኋላቸው ቆሜ በደስታ እሞቅ ነበር። «ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ አስተውሉ፤ ጥላው ጥቁር አይደለም፣ ቡናማ ነው» እያልኩ አስተማርኩበት። የሰው ስም የቀበርኩበትን ግድግዳ ሰሌዳዬ አደረግሁት።

ባለፈው ዓመት ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አጠገብ ተገናኘን። አያ ስንሻው ከስተዋል፤ ለሕክምና ነው የመጡት።

«መምህር፣ እንደምን አለህ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አያ። እርስዎስ?»

«እኔማ ያው በጎኔ ነኝ» አሉና ሳቁ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። «ስማ» አሉኝ፣ «አባቴም ወንድሞቼም ያረፉት እዚያ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። እኔም ከእነሱ ጋር ማረፍ እፈልጋለሁ። ግን ‹እግዜር ያጋለጠው› እየተባልኩ እንዴት ልግባ? ሥዕሉን አጥፋው አልልህም። ‹ሆን ብዬ እሱን ሥዬዋለሁ› በል። ይኸው ነው።»

«እሺ፣ አያ» አልኩ።

አላደረግሁትም። ከዚያ የባሰውን አደረግሁ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሸራ እርጥበት ነክቶታል፣ ላድሰው ብዬ ገባሁና ፊቱን በሌላ ፊት ሸፈንኩት። ማንም ሳያውቅ ጥፋቴን የምጠርግ መስሎኝ ነበር። አዲሱ ፊት የሞተ ነው፤ አፍንጫው አፍንጫ፣ ዓይኑ ዓይን ነው፣ ሰው ግን የለበትም። ስሸፍነው ያዘንኩት ለአያ ስንሻው ቢሆን ምንኛ ጥሩ ነበር! ለሥዕሌ ነው ያዘንኩት። ሕዝቡም በሳምንቱ ሌላ ወሬ አገኘ፤ «ስንሻው ገንዘብ ሰጥቶ ፍርዱን አስጠፋ» አለ። አሁን በአንድ ኃጢአት ላይ ሁለተኛ ተጨመረባቸው፤ ሁለቱንም የሠራሁት እኔ ነኝ።

ለምን አልተናገርኩም? ፈርቼ ነው ብል ደስ ባለኝ፤ ፍርሃት ይታዘንለታል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ያ ፊት የእጄ ጥበብ ሳይሆን የክፋቴ ሥራ ነው እንዲባል አልፈለግሁም። እናንተ ሠዓሊዎች፣ የእጃችሁን ምርጥ ሥራ ከክፉ ልባችሁ ያገኛችሁት ቀን ምን ታደርጋላችሁ? እኔ የማደርገውን ለማወቅ ይህን ሁሉ ዓመት ወሰደብኝ። ወጣት ነበርኩ አልልም፤ ሰድበውኝ ነበር አልልም። ያን ፊት ዛሬ እንደገና ሣል ብባል እችላለሁ፤ እንዲያውም ይበልጥ አሳምረዋለሁ። ራሴን የምፈራው ለዚህ ነው።

ይህን የምጽፈው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ምእመኑ ሳይበተን እንድናገር ቄሰ ገበዙን ለምኜ ፈቅደውልኛል፤ ምን እንደምናገር ግን ገና አያውቁም። እጄን የመራው እግዜር አይደለም፣ ቂሜ ነው እላለሁ። የሸፈንኩትም እኔ ነኝ፣ ማንም ሳንቲም አልሰጠኝም እላለሁ። ከዚያ ወደ አያ ስንሻው ቤት እሄዳለሁ።

አያ ስንሻው፣ ይቅርታዎን በወረቀት አልለምንም። በርዎ ላይ እቆማለሁ። ባይከፍቱልኝ ልክ ነዎት፤ ከደጅዎ ስመለስ አልቀየምም። ብቻ እሁዱ ሳያልፍ ወደ አባትዎ ግቢ የሚያስገባዎት መንገድ ክፍት መሆኑን ከእኔ አፍ ይሰማሉ።