«ሄዷል» ያልኩት መልእክት

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር፣ አንድ እሑድ ቀን ነው። ዛሬም ስልኬ ላይ መልእክት ሲገባ እደነግጣለሁ። ብጽፈው ሳይቀለኝ አይቀርም።

ዕድሜዬ ሰባ አንድ ነው። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስጠግን ኖሬ፣ ከጡረታ በኋላ ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ለብቻዬ ተማርኩ። አስተማሪ አልነበረኝም፤ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አስቀምጬ ነው። በየካ ሚካኤል አካባቢ በእኔ ዕድሜ ፕሮግራም የሚጽፍ ሌላ ሰው ካለ ይምጣና እንተዋወቅ።

ለእድራችንም ፕሮግራም ሠራሁ። አባል ሲሞት ስሙንና የቀብሩን ሰዓት አስገብቼ ቁልፍ ስጫን፣ ከኮምፒውተሬ ጋር በተያያዘው ሞደም በኩል ለመቶ ሰማንያ አባላት ተራ በተራ መልእክት ይሄዳል። በስብሰባ ላይ ተነስቼ የጥሩምባ ዘመን አለፈ አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ጥሩምባ ነፊያችን ወልዴ ብቻ አላጨበጨበም።

ቅዳሜ ዕለት አዲስ የወጣ ፓይተን ጫንኩ። አሮጌውን አላጠፋሁትም። በነጋታው ማለዳ ጎረቤታችን አቶ ገብሬ አረፉ። ቀብራቸው በዘጠኝ ሰዓት፣ በኑዛዜያቸው መሠረት እንጦጦ ማርያም ነው ተባለ።

ፕሮግራሜን ሳስነሳ፣ መልእክት ለመላክ የሚያስፈልገው መሣሪያ፣ ማለትም አጋዥ ፕሮግራም፣ የለም አለኝ። እንዲህ ያለውን መሣሪያ ከኢንተርኔት አምጥቶ የሚጭን ፒፕ የሚሉት ጫኝ አለ። ጫንልኝ አልኩት። ቀድሞ ተጭኗል አለኝ። ፕሮግራሙ የለም ይላል፣ ጫኙ አለ ይላል። መሣሪያውን አጥፍቼ መልሼ ጫንኩት። ጫኙን ራሱን አሻሻልኩት። ያው ነው። ተነስቼ ግቢውን ዞርኩ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ፣ እንደገና ተነሳሁ።

አራት ሰዓት ላይ የእድሩ ዳኛ አቶ ደምሰው ደወለ።

«ጋሽ ታደሰ፣ መልእክቱ ሄደ?»

«ሄዷል» አልኩ። በአምስት ደቂቃ የማስተካክለው መስሎኝ ነበር።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ባለቤቴ ከለቅሶው ቤት መጣች። ነጠላዋን እንኳን አላወለቀችም።

«ሰው የለም» አለች። «አሥራ አንድ ሰው ብንሆን ነው። ድንኳን የሚተክል ጠፍቷል። ሚስቱ አስካለ በሩን በሩን ታያለች። ‹ገብሬ ማንን በድሎ ነው?› አለችኝ። አንተ ሰውዬ፣ በእውነት ልከኸዋል?»

ያን ጊዜ ወንበሩ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። በባጃጅ ወደ ወልዴ ቤት ወረድኩ። በር ላይ ቆሞ ጫማውን ይጠርጋል።

«ኮምፒውተሩ ትንፋሽ አጠረው እንዴ ጋሼ?» አለኝ።

«አጥሮታል» አልኩት። «ገብሬ ሞቷል። ማንም አልሰማም። ለደምሰው ግን ሄዷል ብያለሁ።»

ፊቱ ተለወጠ። ጥሩምባውን ይዞ እኔ የመጣሁበት ባጃጅ ውስጥ ገባ። እኔ በእግሬ ተመለስኩ። መንገዱን ሁሉ ጥሩምባው አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች ሲጮኽ ይሰማኛል። ሰው ከየግቢው ነጠላውን እየደረበ ይወጣል።

ጋቢዬን ልወስድ ቤት ስገባ ስክሪኑ እንደበራ ነው። ድንገት አንድ ሐሳብ መጣልኝና ጫኙን የት ነህ ብዬ ጠየቅኩት። የሚኖርበትን ፎልደር ጻፈልኝ፤ የአሮጌው ፓይተን ፎልደር ነው። ለካ ሁለት ጫኞች ነበሩኝ። እኔ የማዝዘው የአሮጌውን ሆኖ፣ ፕሮግራሜ የሚሠራው በአዲሱ ነው። በአዲሱ ፓይተን በራሱ በኩል ጫኙን ጠርቼ አስጫንኩት። ሠራ። ይህን የደረስኩበት ማንንም ሳልጠይቅ ነው። በደስታ ቁልፉን ተጭኜ ወጣሁ።

ድንኳኑ ተተክሎ ደረስኩ። አውቶቡሶቹ ሞልተው የእንጦጦን ዳገት ወጣን። ፍትሐቱ አልቆ አስከሬኑ አፈር ሲለብስ፣ አንድ ስልክ ጮኸ። ቀጥሎ ሌላው። ከዚያ ከኋላም ከጎንም። ሞደሙ ቀርፋፋ ነው፤ ተራቸው የደረሰው እዚያ መቃብሩ ዳር ነው። ወይዘሮ አስካለ ቀና ብላ ዙሪያዋን አየች።

ወልዴ ስልኩን አውጥቶ አነበበና ጠጋ አለኝ። «አቶ ገብሬ አርፈዋል ይላል» አለ በጆሮዬ። «ልንገራቸው?»

ወዲያው አቶ ደምሰው መጣ። «ይኼ ኔትወርክ እኮ ጉድ ሠራን» አለ። «ጋሽ ታደሰ ከጠዋት ነው የላኩት። ደግነቱ ወልዴ በራሱ አስቦ ነፋ።»

ወልዴ አየኝ። ስልኩን ኪሱ ከተተ። እኔም ደምሰውን አላረምኩትም።

ዛሬ ፕሮግራሙ እንደ ሰዓት ይሠራል፤ ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱን ፓይተንና የራሱን ጫኝ ለይቼለታለሁ። በዚህ እኮራለሁ። ወይዘሮ አስካለን መንገድ ላይ ሳገኛት ግን ሰላምታዬን አሳጥሬ አልፋለሁ። ለግማሽ ቀን ባሏ የተጠላ ሰው መስሏት ነበር። አቶ ደምሰው ይህን ካነበበ ይወቀው፤ ኔትወርኩ ምንም አላጠፋም።