የማያ ጫካና የእኔ ሽምግልና

ልጄ ሽማግሌ አድርጋ የላከችኝ ሌላ ሰው አጥታ ነው። የልጅ ልጄ ከምንኖርበት ከኦክላንድ በባቡር በሚደረስበት ሳን ሆዜ ትማራለች፤ ትምህርቷን ስትጨርስ በጓቴማላና በሜክሲኮ ድንበር ላይ ያለ ጫካ ልትጠብቅ እንደምትሄድ ነገረችን። እናቷ "ድንበር" የሚለውን ስትሰማ ሌላው ወሬ አልገባትም። አልፈርድባትም፤ ሕፃን ሆና በጀርባዬ አዝዬ ወደ ሱዳን ያሻገርኳት እኔ ነኝ።

"እማዬ፣ አንቺን ትሰማለች፤ ተይ በያት" አለችኝ።

መንገድ ሲሉኝ ቶሎ ነው የምነሣው። ኦክላንድ ውስጥ ያልተሳፈርኩበት አውቶቡስ የለም እያልኩም እፎክራለሁ። ትምህርት ቤት ስላልገባሁ ባቡር የምለየው በቀለሙ ነው። ቀለሙ ለመሄጃውም ለመመለሻውም አንድ መሆኑን የተረዳሁት በተቃራኒው ጫፍ ሪችመንድ ስደርስ ነው። እስከዚያ ድረስ የቁጣ ፊት ስለማመድ ስለነበር ያየኝ ሁሉ ወንበር ለቀቀልኝ።

ሳን ሆዜ ጣቢያ ቆማ አገኘኋት።

"እማማ፣ የት ጠፉ? ኮል ሳደርግ አያነሡም።"

"ሪችመንድ ጉዳይ ነበረኝ" አልኩ።

ክፍሏ ገብተን ስልኳ ላይ ፎቶ አሳየችኝ።

"ይኼን ተራራ ነው የምትጠብቂው?"

"ተራራ አይደለም፣ ሕንፃ ነው። ማያዎች የሠሩት፣ የዚያ አገር የድሮ ሰዎች፣ ቬሪ ኦልድ። ጫካው ሸፍኖት ነው።"

"ታዲያ ከሄዳችሁ አይቀር ዛፉን መንጥሩላቸው፤ ሰው ቤታቸውን ይይላቸው" ብዬ መከርኩ።

ሳቀችብኝ። ጫካው ከተመነጠረ ዝናቡ ድንጋዩን እየሸረሸረ ይንደዋል አለች። አፈርኩ። ወሎ ውስጥ፣ ከወልይ መቃብር ጫካ ጭራሮ የለቀመች ሴት ስትወገዝ እያየሁ ያደግኩ ሰው፣ ባሕር ተሻግሬ መንጥሩ ባይ ሆንኩ።

"ድንበሩስ የታል?"

"እዚህ ጋ።" ጣቷ በዛፎቹ መሀል አለፈ። ምንም አላየሁም። ጃጓር የሚሉት ነብር መሳይ አውሬ ዛሬ እዚህ ነው፣ ነገ እዚያ፤ "አንድ አገር ብቻ ከጠበቀ ኢት ዳዝንት ወርክ" አለችኝ።

"ወታደር አለ?"

"አለ። እንጨት የሚሰርቅም አለ። ግን ብቻዬን አልሆንም፤ የሁለቱም አገር ሰዎች አብረው ነው የሚሠሩት።"

ተይ ማለት የነበረብኝ ያኔ ነው። አፌን ስከፍት ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ያዘች። "እማማ፣ ይመርቁኝ" አለች።

የወሎ ሰው ምርቃት ሲጠየቅ እጁ ከሐሳቡ ይቀድማል። ዘረጋሁ። ከዘረጋሁ በኋላ ደግሞ ማቆም አላውቅም፤ እሷን መርቄ፣ አብረዋት የሚሄዱትን መርቄ፣ ጃጓሩንም መረቅኩ። እሷ ጎንበስ እንዳለች አሚን ትላለች። ተይ የምትለዋ ቃል በየት በኩል ትግባ?

ኦክላንድ ስመለስ ልጄ በር ላይ ጠበቀችኝ።

"እሺ አለች?"

"እሺ ያልኩት እኔ ነኝ።"

"መረቅሻት?"

"ትንሽ።"

"ያንቺን ትንሽ አውቀዋለሁ" ብላ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። የወጣ ምርቃት እንደማይመለስ እሷም ታውቃለች። ብቻዋን እንደማትሆን ነገርኳት።

"ጫማ አላት? ለጫካ የሚሆን?" አለችኝ።

እግሯን አላየሁም ነበር።

"ታዲያ ምን ልትሠሪ ነው የሄድሽው?" አለችና ስልኳን አንሥታ ለልጇ ደወለች።